የሕፃናት የአፍንጫ ጀርባ እጢ ማበጥ፦ ምልክቶቹ፣ ሕክምናውና የወላጆች ድርሻ

ባለፈው የመኸር ወቅት ስለ ሰብል ስብሰባ ለመዘገብ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ የተጓዘው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ አርሶ አደር ቤት አድሮ ነበር። ሌሊቱን መደብ ላይ የተኛው የስድስት ዓመት ልጅ እንደ ጎልማሳ ያንኮራፋል፤ አልፎ አልፎም ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይልና በድንገት አየር ስቦ ይገላበጣል። ጠዋት ነገሩ ሲነሳ አባትየው እንቅልፍ የተመቸው ልጅ ነው ብለው ሳቁ። እናትየው ግን አልሳቁም። ልጁ ሲጠሩት ቶሎ እንደማይሰማ፣ አፉን ከፍቶ እንደሚውል፣ መምህሩም ፈዛዛ ነው የሚል መልእክት እንደላከባቸው ተናገሩ።

ማንኮራፋቱ፣ አለመስማቱና ፈዛዛ መባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርሱም አዴኖይድ የሚባለው የአፍንጫ ጀርባ እጢ ማበጥ ነው። ይህ ችግር በሕፃናት ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ በጊዜ ከታወቀም ሕክምናው አስተማማኝ ነው። ሳይታወቅ ሲቀር ግን የልጁን እንቅልፍ፣ ትምህርትና ዕድገት፣ አንዳንዴም ልቡንና ሳንባውን ይጎዳል። ቀጥሎ ወላጆች ምን ማስተዋል፣ ወዴት መሄድና ከምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው በዝርዝር ቀርቧል።

አዴኖይድ ምንድን ነው?

አዴኖይድ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከላንቃ በላይ፣ የአፍንጫ መተላለፊያና ጉሮሮ በሚገናኙበት ሥፍራ የሚገኝ ለስላሳ እጢ ነው። ከቶንሲል ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ ሁለቱም ከአየርና ከምግብ ጋር የሚገቡ ተህዋስያንን ይዘው የሰውነት መከላከያ ኃይል እንዲያውቃቸው ያደርጋሉ። ልዩነታቸው በአቀማመጣቸው ነው። ቶንሲል ልጁ አፉን ሲከፍት በጉሮሮው ግራና ቀኝ ይታያል። አዴኖይድ ግን ከላንቃ ጀርባ ስለተሸሸገ አፍ በማስከፈት ብቻ ሊታይ አይችልም። ብዙ ወላጆችም ስለ ቶንሲል እንጂ ስለ አዴኖይድ ሰምተው የማያውቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙን በሚገባ ለይቶ ለዓለም ያስተዋወቀው ዊልሄልም ሜየር የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ባወጣው ጽሑፉ በአፍንጫ መዘጋት፣ በመስማት ችግርና በተበላሸ የድምፅ አወጣጥ መካከል ያለውን ትስስር አስረድቷል።

እጢው ልጁ ሲወለድ ትንሽ ነው። ከዚያ እያደገ ሄዶ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ትልቁን መጠኑን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እየኮሰመነ ይመጣና በጉርምስና ዕድሜ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ በሕፃንነት እጢው ተለቅ ብሎ መገኘቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ችግር የሚሆነው ጠባብ የሆነውን የሕፃን የአፍንጫ ጀርባ ሲሞላው ነው።

እጢው በሚገኝበት ሥፍራ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው አየር ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚያልፍበት ነው። ሁለተኛው ከመካከለኛው የጆሮ ክፍል የሚመጣው ቀጭን ቱቦ የሚከፈትበት ቀዳዳ ነው። ያበጠው እጢ የመጀመሪያውን በር ሲዘጋ ልጁ በአፉ ይተነፍሳል፣ ያንኮራፋል። ሁለተኛውን ሲዘጋ ደግሞ ጆሮው አየር ያጣል፣ ፈሳሽ ያቁራል፣ መስማትም ይቀንሳል። አብዛኞቹ ምልክቶች ከእነዚህ ሁለት በሮች መዘጋት የሚመነጩ ናቸው።

ለምን ያብጣል?

ዋነኛው ምክንያት ተደጋጋሚ ጉንፋንና የላይኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው። እጢው ተህዋስያንን ሲዋጋ ያብጣል፤ ሳያገግም ሌላ ጉንፋን ሲደርስበት እንዳበጠ ይቀራል። አለርጂም ሌላው ምክንያት ነው። የአውድማ ብናኝ፣ የጭድና የገለባ አቧራ፣ የአበባ ዱቄት፣ የእንስሳት ፀጉር፣ ሻጋታና የቤት ውስጥ አቧራ የአንዳንድ ልጆችን አፍንጫ ዘወትር ያስቆጣሉ። የማገዶና የከሰል ጭስ፣ እንዲሁም የሲጋራ ጭስ ችግሩን ያባብሳሉ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት፣ አየር የማይዘዋወርበት ቤት ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ያመቻል። ይህ ሁሉ ሳይኖር በተፈጥሮ እጢው ትልቅ የሚሆንባቸው ልጆችም አሉ። ስለዚህ ወላጅ ራሱን ሊወቅስ አይገባም።

የሌሊት ምልክቶች

አርሶ አደር በሬው አተነፋፈሱ ቢለወጥ በዚያው ቀን ያስተውላል። የልጅ አተነፋፈስ ግን በሌሊት፣ ቤተሰቡ ደክሞት በተኛበት ሰዓት የሚለወጥ በመሆኑ በቀላሉ ያመልጣል። ወላጆች በተለይ የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• ልጁ ጉንፋን ሳይኖርበት በሳምንቱ አብዛኞቹ ሌሊቶች ማንኮራፋቱ፤
• አፉን ከፍቶ መተኛቱ፣ ሲነቃ አፉ መድረቁ፤
• ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች መቋረጡ፣ ከዚያም እንደታነቀ ሰው በድንገት አየር መሳቡ፤
• አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ተደፍቶ ካልሆነ እንቅልፍ እንቢ ማለቱ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ማደሩ፤
• በእንቅልፉ ብዙ ማላቡ፤
• አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና መጀመሩ።

ከእነዚህ ሁሉ አሳሳቢው የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ትንፋሹ ሲቋረጥ የልጁ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል ይታያል፤ በአፍንጫና በአፉ ግን አየር አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎሉም ልጁን ከፊል አንቅቶ እንዲተነፍስ ያስገድደዋል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ልጁ አልጋው ላይ ቢያድርም እንቅልፍ ሳያገኝ ይነጋል። ለወራትና ለዓመታት ሳይታከም ከቀጠለ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ሊጨምርና ልብ ሊጎዳ ይችላል።

የቀን ምልክቶች

ቀን ላይ አፍንጫው ሳይፈታ የሚውል፣ ንፍጥ የማይለቀው፣ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ልጅ መመርመር ይኖርበታል። ምግብ ሲያኝክ በአፍንጫው መተንፈስ ስለማይችል ቀስ ብሎ ይበላል፤ እያረፈ ያኝካል፤ አንዳንዱም ክብደቱ አይጨምርም። የአፉ ጠረንም ይለወጣል።

የንግግር ድምፁ ሌላው ጥሩ ጠቋሚ ነው። «ም» እና «ን» የሚባሉት ድምፆች አየር በአፍንጫ ካላለፈ አይወጡም። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ «ም»ን ወደ «ብ»፣ «ን»ን ወደ «ድ» ያስጠጋል፤ «እማማ» ሲል «እባባ»፣ «ነገ» ሲል «ደገ» የሚል ይመስላል። ልጁ ጉንፋን ሳይዘው ለሳምንታት እንዲህ የሚናገር ከሆነ ከአፍንጫው ጀርባ የሚዘጋ ነገር መኖሩን ያመለክታል።

በሌሊት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቀን ላይ ሁልጊዜ አያንቀላፋም። ብዙዎቹ እንዲያውም ይቅበጠበጣሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ በአንድ ነገር ላይ ማተኮር ያቅታቸዋል። በቤት ረባሽ፣ በትምህርት ቤት ሰነፍ ተብለው የሚቀጡ ልጆች መካከል ሕመማቸው ያልታወቀላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። መምህራንም ትኩረት የሚያጣ ልጅ ሲገጥማቸው ከመቅጣታቸው በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚያድርና በደንብ ይሰማ እንደሆነ ወላጆቹን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለዓመታት በአፍ መተንፈስ የፊት አጥንትንም ዕድገት ይለውጣል። ፊት ይረዝማል፣ የላይኛው መንጋጋ ይጠብባል፣ ላንቃ ወደ ላይ ይጎደጉዳል፣ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ያሾላሉ፣ የላይኛው ከንፈር አጥሮ አፍ ሳይገጠም ይቀራል። ይህ ለውጥ ሥር ከሰደደ በኋላ እጢው ቢወጣ እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

የጆሮ ጉዳይ

የጆሮው ቱቦ ሲዘጋ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ መግልም ወደ ውጭ አይፈስስም። በዚህ ምክንያት ማንም ሳይጠረጥር ልጁ ለወራት በከፊል ሳይሰማ ይቆያል። ሲጠሩት አይዞርም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድምፁን ከፍ አድርጎ መስማት ይፈልጋል፣ የተነገረውን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በዕድሜው ትንሽ ከሆነም ንግግር ይዘገያል። በሌሎች ልጆች ደግሞ የጆሮ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ሕመም፣ ትኩሳትና የመግል መፍሰስ ያስከትላል። ከጆሮ የሚፈስ መግል ሁልጊዜ ሕክምና ይሻል፤ የልጅነት ጠባይ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

በቤት ሊደረጉ የሚችሉ ፍተሻዎች

የሚከተሉት ፍተሻዎች የሐኪም ምርመራን አይተኩም። ወላጅ ለሐኪሙ የሚናገረውን በማስረጃ እንዲያስደግፍ ግን ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ልጁ ደኅና በሆነበት ቀን አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ብቻ እንዲተነፍስ ይጠየቅ። ወዲያው አፉን የሚከፍት ከሆነ አፍንጫው ተዘግቷል ማለት ነው። ትንሽ ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ቢያዝም ትንፋሹ በሁለቱም ቀዳዳ በኩል እኩል ጉም መሥራት አለመሥራቱን ያሳያል። አፉን በእጅ አፍኖ መያዝ ግን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሳያይ ከጀርባው ጥቂት ሜትር ርቆ በዝግታ ድምፅ ስሙን መጥራት። በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ካልሰማ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛውና እጅግ ጠቃሚው ልጁ ሲተኛ በተንቀሳቃሽ ስልክ መቅረጽ ነው። በቂ ብርሃን ተደርጎ፣ ብርድ ልብሱ ከደረቱ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱና ደረቱ በአንድነት እንዲታዩ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይቀረጽ። በቀን ምርመራ ክፍል ውስጥ ልጁ ደኅና ይመስላል፤ ቪዲዮው ግን የሌሊቱን ትግል ለሐኪሙ ያሳየዋል።

ከሌሎች ችግሮች እንዴት ይለያል?

አፍንጫ የሚዘጋው በአዴኖይድ ብቻ አይደለም። ጉንፋን በአብዛኛው በሰባትና በዐሥር ቀን ውስጥ ይሻላል። አለርጂ ማስነጠስን፣ የአፍንጫና የዐይን ማሳከክን፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽን ያመጣል፤ አቧራ ሲበዛም ይብሳል። አለርጂና አዴኖይድ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ከአንድ ወገን ብቻ የሚፈስና የሚሸት ንፍጥ ልጁ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ስፖንጅ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር አፍንጫው ውስጥ መክተቱን ያስጠረጥራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብ የሰዓት ባትሪ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ስለሚያቃጥል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከወንዝና ከምንጭ በቀጥታ ውሃ በሚጠጣባቸው አካባቢዎች አልቅት አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ተደጋጋሚ መድማትና ደም ማነስ ሊያስከትል ይችላል። በጉርምስና ዕድሜ የሚገኝ ወንድ ልጅ አፍንጫው ተዘግቶ ብዙ ደም የሚፈስሰው ከሆነ ሌላ ዓይነት እጢ ሊኖር ስለሚችል በፍጥነት ወደ ስፔሻሊስት ሊላክ ይገባል።

ወዴት ይሄዳል? ምርመራውስ?

የመጀመሪያው በር ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ክብደትና አጠቃላይ ሁኔታ ተመልክታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ከዚያም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይደርሳል። ይህን ሕመም የሚያክመው ከአንገት በላይ ሐኪም ሲሆን፣ አገልግሎቱ በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ባሉ ስፔሻላይዝድና የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያው መታደሱን አረጋግጦ፣ የሕክምና ተዋረዱን ጠብቆ በሪፈር ወረቀት ቢሄድ ካልታሰበ ወጪ ይድናል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ታሪኩን ይጠይቃል፤ ከዚያ አፍንጫን፣ ጉሮሮንና ጆሮን ይመረምራል። እጢውን ለማየት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከጎን የሚነሳ የራጅ ፎቶ ነው። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ብርሃንና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ አስገብቶ መመልከት፣ ማለትም ኢንዶስኮፒ ነው። የመስማት ችግር ከተጠረጠረ የጆሮ ታምቡር እንቅስቃሴና የመስማት አቅም ይለካል። የእንቅልፍ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለበት ቦታ የልጁን የሌሊት ትንፋሽና ኦክስጅን መለካት ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ይሰጣል። በሌለበት ግን የወላጅ ምስክርነትና የስልክ ቪዲዮው ትልቅ ዋጋ አላቸው።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረግ እርዳታ

ያበጠ እጢ ሁሉ አይወጣም። ምልክቱ ቀላል ከሆነ፣ ልጁ በደንብ የሚተኛ፣ የሚሰማና የሚያድግ ከሆነ ሐኪሙ በቀጠሮ እየተከታተለ መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል። እጢው በዕድሜ እየኮሰመነ ስለሚሄድ ብዙ ልጆች ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽም ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ራሱ ስለሚደርቅ በአብዛኛው ለዚያ ያህል ጊዜ ክትትል ይደረግበታል።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ንፍጡን ያቀላል፣ አቧራንም ያስወግዳል። ግማሽ ሊትር ውሃ በደንብ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ የሚሆን ንጹሕ ጨው ይሟሟበታል። በንጹሕ ጠብታ መስጫ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወደ እያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ይደረጋል። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ያልፈላ የወንዝ፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ለዚህ አገልግሎት አይውልም።

በአፍንጫ የሚረጩ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሞሜታሶንና ፍሉቲካሶን፣ የእጢውን እብጠት በመቀነስ አንዳንድ ልጆችን ከቀዶ ሕክምና ያድናሉ። ውጤታቸው በአንድና በሁለት ቀን አይታይም፤ ለሳምንታት ሳያቋርጡ መጠቀምን ይጠይቃሉ። ሲረጩ የልጁ ራስ በትንሹ ወደ ፊት ያዘንብል፤ የመርጫው ጫፍም ወደ አፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። አለርጂ ካለ ሐኪሙ የአለርጂ መድኃኒት ይጨምራል።

ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት፣ በተለምዶ አንቲባዮቲክ የምንለው፣ የሚጠቅመው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲኖር ብቻ ነው። ማንኮራፋትን አያድንም። ልጁ ባንኮራፋ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል። የተዘጋ አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎችም ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ ከተወሰዱ አፍንጫውን መልሰው ይዘጉታል፤ ለጨቅላ ሕፃናትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም።

ቀዶ ሕክምና መቼ ያስፈልጋል?

ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን የሚመክሩት በሌሊት የትንፋሽ መቋረጥ ሲኖር፣ የአፍንጫው መዘጋት በመድኃኒት አልሻል ሲል፣ የጆሮ ፈሳሽ ወይም ኢንፌክሽን ሲደጋገምና መስማትን ሲቀንስ፣ እንዲሁም የልጁ ዕድገት ወይም የፊቱ ቅርጽ መጎዳት ሲጀምር ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን ልጁ ምንም አይሰማውም። እጢው የሚወጣው በአፍ በኩል ስለሆነ ፊት ወይም አንገት ላይ ቁስልና ስፌት አይኖርም። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቶንሲሉም ትልቅ ሆኖ ትንፋሽ የሚዘጋ ከሆነ አብሮ ይወጣል። ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ከቆየ ደግሞ በታምቡሩ ላይ ደቃቅ ቱቦ ሊገባ ይችላል፤ ይህች ቱቦ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች።

ወላጆች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ደም አልቆም የሚለው ሰው ካለ፣ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ወይም ባህላዊ መድኃኒት ካለ፣ ላንቃው ላይ የተፈጥሮ ስንጥቅ ካለበት፣ በቅርቡ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ከነበረው መገለጽ አለበት። ጉንፋን የያዘው ልጅ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል። ከማደንዘዣ በፊት ምግብና መጠጥ የሚከለከልበት ሰዓትም በጥብቅ ይከበር። ልጁ ሲያለቅስ አንጀት አልችል ብሎ በድብቅ ዳቦ ማጉረስ ከባድ አደጋ አለው፤ ምግቡ በማደንዘዣ ውስጥ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በስሕተት ከበላም ሳያፍሩ መናገር ነው፤ ቀጠሮ ቢለወጥ ሕይወት ከማጣት ይሻላል።

ወላጆች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ እጢው ቢወጣ የልጁ በሽታ የመከላከል አቅም አይዳከምም ወይ የሚል ነው። በጉሮሮና በሌላውም የሰውነት ክፍል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ እጢዎች ስላሉ፣ ለልጁ ያለው ጥቅም ተመዝኖ ሲወጣ የሚታይ ጉዳት አይከተልም። በጥቂት ልጆች፣ በተለይም በጣም ትንንሽ ሳሉ በታከሙት ላይ፣ እጢው እንደገና ሊያድግ ይችላል።

አርሶ አደር ቤተሰቦች ቀጠሮን ከአጨዳ በኋላ ማድረግ ይመርጣሉ። የልጁ ችግር የአፍንጫ መዘጋት ብቻ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ትንፋሹ የሚቋረጥ ልጅ ግን አጨዳና ውቂያ እስኪያልቅ ሊጠብቅ አይገባም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ብዙ ልጆች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሌሊቶች በከተማው ዘመድ ቤት ቢያሳልፍ ይመከራል። ቀላል የጉሮሮና የጆሮ ሕመም፣ የአፍ ጠረን መለወጥና የድምፅ መሽኮርመም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። ለሕመሙ በክብደቱ የተሰላ ፓራሲታሞል በቂ ነው። አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም፤ የመድማት አደጋንም ይጨምራል።

ልጁ ውሃና ሌላ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ። የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ገንፎ፣ በወጥ የራሰ ለስላሳ እንጀራ ተስማሚ ነው። ትኩስ፣ የሚያቃጥልና የሚቧጥጥ እንደ ቆሎ ያለ ምግብ ለጥቂት ቀናት ይቆይ። ከትምህርት ቤትና ከከብት ጥበቃ ለአንድ ሳምንት ያህል ይረፍ፤ ከጭስና ከአቧራም ይራቅ።

ከመቶ ልጆች ከአንድ በማይበልጡት ላይ የመድማት ችግር ይከሰታል። ደማቅ ቀይ ደም ከአፍ ወይም ከአፍንጫ ቢወጣ፣ ልጁ ደም ቢያስታውክ ወይም ደጋግሞ ሲውጥ ቢታይ፣ ትኩሳቱ ቢያይል፣ መጠጣት እንቢ ቢል ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም

በአንዳንድ አካባቢዎች ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ ሲያስለው ወይም ሲያንኮራፋ እንጥሉን ማስቆረጥና ቶንሲሉን በጥፍር ማስቧጠጥ ዛሬም አልቀረም። እንጥል ከላንቃ ጫፍ የሚንጠለጠል አካል እንጂ አዴኖይድ አይደለም። እንጥሉ ተቆርጦ ቢጣልም ከላንቃ በላይ ያለው ያበጠ እጢ በቦታው ይቀራል። በጎደሎ የሚተርፈው ብዙ ደም መፍሰስ፣ ቁስሉ ማመርቀዝ፣ ቲታነስ፣ ባልተቀቀለ ስለት የሚተላለፍ ኤች.አይ.ቪና የጉበት በሽታ ነው፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ጠቅሷቸዋል።

ቅቤ ወይም ዘይት በአፍንጫ ማንጠባጠብም አደገኛ ነው። ቅባቱ ወደ ሳንባ ወርዶ ከባድ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ስለ ጆሮም እንዲሁ፤ መግል በሚፈስበት ጆሮ ውስጥ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል።

አደጋን መቀነስ

እጢው እንዳያብጥ ሙሉ በሙሉ መከላከል ባይቻልም አደጋውን መቀነስ ይቻላል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፤ ክትባቱንም በየጊዜው ይጨርስ። ማብሰያው ከመኝታው ይለይ፤ የጭስ መውጫና መስኮት ይኑረው። በውቂያና በማዝራት ጊዜ ትንንሽ ልጆች ከአውድማው ነፋስ መውረጃ ይራቁ። እጅ መታጠብና ንፍጥን በንጹሕ ጨርቅ ማስወገድ ጉንፋን እንዳይዛመት ይረዳል። ልጅ በሚያድርበት ክፍል ሲጋራ አይጨስ።

አስቸኳይ ምልክቶች

ከንፈሩ ወይም ምላሱ የሚጠቁር፣ ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ ለማንቃት የሚያስቸግር ልጅ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሌሊትም ቢሆን በተገኘው ትራንስፖርት ወደ ሕክምና ተቋም ሊደርስ ይገባል።

በመግቢያው የተነሣው ልጅ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ተልኮ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። እጢው የአፍንጫውን ጀርባ ሞልቶት፣ በሁለቱም ጆሮዎቹ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በኋላ በስልክ ሲጠይቅ እናትየው የነገሩት አንድ ነገር አለ። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ባለው ጊዜ ሌሊት እየተነሱ እጃቸውን ደረቱ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ቤቱ ያን ያህል ጸጥ ብሎ አድሮ ስለማያውቅ ልጁ መተንፈሱን ለማረጋገጥ ነበር። አሁን ሲጠሩት በአንድ ጊዜ ይዞራል። በክፍል ውስጥም መቀመጫው ከኋላ ወደ ፊት ተዛውሯል።

ልጅዎ ጉንፋን ሳይዘው በአብዛኞቹ ሌሊቶች የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚውል ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው አተነፋፈሱን ያዳምጡ፣ በስልክዎም ይቅረጹት፤ በሚቀጥለው የሥራ ቀንም ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።